ከብት ስንት አለዎት?

የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስንጀምር ከክፍላችን ተማሪ ሁሉ ለእኔ የሚቀል መስሎኝ ነበር። ለምን አይመስለኝ? ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን ከየአገሩ የመጣ ተማሪ የሞላበት ነው። ገጠር ሲወጡ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋቸዋል። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያደባለቅኩ ነው ያደግኩት። ዶርም ውስጥ «አገሬ ነው፣ እኔን ማንም አያሞኘኝም!» እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር ያልሰማ የለም።

የምማረው የግብርና ኢኮኖሚክስ ነው። ርዕሴ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬዎች ከብት ማርባቱን እየተዉት ነው ወይ የሚል ነበር። መጠይቁን ራሴ አዘጋጀሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከብት ስንት አለዎት?» ይላል። አጭር፣ ግልጽ፣ መልሱ ቁጥር። እንዴት እንደኮራሁበት!

ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ የግቢው ካፌ እራት እንዳያመልጠኝ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የገባሁት ቁመታቸው ዘለግ ያለ አንድ ሽማግሌ ቤት ነበር። ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎባ ሰው ደህንነት ጠየቁኝ። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ወረቀቴን አወጣሁ።

«አባባ፣ ከብት ስንት አለዎት?»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩና «አልሐምዱሊላህ፣ አሉ» አሉኝ።

«ስንት ናቸው?»

«አሉ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አሉ።»

«ቁጥር ነው የምፈልገው አባባ። እዚህች ሳጥን ውስጥ ካልጻፍኩ አይሆንልኝም።»

ባለቤታቸው ከበሩ ሆነው ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ሦስት በይ» አሉኝ። ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩ ቤት ሁለት አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት «ትንሽ ትንሽ አሉን» ሲሉኝ ደግሞ እየነዘነዝኩ ቁጥር አወጣሁባቸው። በረቶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ቀን ከብት ግጦሽ እንደሚሄድ ለጎባ ልጅ የሚነግራት ያስፈልግ ነበር?

ሠንጠረዡን ሠራሁ፣ ገበሬው ከብት ማርባቱን ትቶታል ብዬ ደመደምኩ፤ አማካሪዬም ወደዱት። ጽሑፉ ተጠረዘ። ጎባ ያለችው እናቴ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እየሠራች ብቻዋን ያሳደገችኝ ናት፤ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም። ገና ጽሑፌን መርማሪዎች ፊት ሳልከላከል በግ ገዝታ፣ ቀሚሴን አሰፍታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ጨርሳ ነበር። «አንዴ ብቻ የምረቃውን ገዋን ለብሰሽ ልይሽ፣ ከዚያ ሌላ አልጠይቅሽም» ትለኝ ነበር።

ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ገበሬዎቹ ለመጠየቅ መፍቀዳቸውን ከሚፈርሙባቸው የፈቃድ ወረቀቶች መካከል የሽማግሌው ፊርማ እንደሌለ አየሁ። ሄድኩ። እሳቸው ገበያ ወርደዋል፤ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ መሸ። እራቱ ቀረ ብዬ እየተናደድኩ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ከብቶቹ መጡ።

ወይ ጉድ! የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በረቱ ገብተው ሌሎቹ ገና ከዳገቱ እየወረዱ ነው። ጣቴን ቀስሬ አንድ፣ ሁለት ማለት ስጀምር የቤቱ እመቤት እጄን መታ አድርገው አወረዱት።

«ጣትሽን አውርጂ! ከብት እንዲህ ይቆጠራል? በረከቱ ይሄዳል!»

ሽማግሌውም ከገበያ ደርሰው ኖሮ ከኋላዬ ቆመው ይስቃሉ።

«አባባ፣ ሦስት አላሉኝም?» አልኳቸው። ልቅሶ ልቅሶ እያለኝ ነው።

«ቁጥር ካልጻፍኩ አይሆንልኝም ያልሽው አንቺ ነሽ። የሰው ልጅ ናት፣ ተማሪ ናት፣ ባዶ እጇን አትመለስ ብዬ ሰጠሁሽ። አላህ የሰጠውን ቆጥሬ ላወራልሽ ነበር?»

አፈርኩ። እናቴ እንኳ «ዶሮዎችሽ ስንት ደረሱ?» ሲሏት «ተመስገን ነው» ብላ ታልፋለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ሳጥን አስምሬ ሰው ቤት የገባሁት!

እመቤቲቱ አዘኑልኝ መሰለኝ «ስንት ናቸው አትበይ። እነማን ናቸው በይኝ» አሉ። እያንዳንዷ ስትገባ በስሟ ጠሩልኝ፦ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ መጋል። ማን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማን እንደምትዋጋ፣ የትኛዋ ለስንዴው ማዳበሪያ ስትባል እንደተሸጠች፣ የትኛዋ ደግሞ ምን ቢመጣ እንደማትሸጥ። በፈቃድ ወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ወረቀቱ አለቀ። ጥናቴ ሲፈልግ የነበረው ነገር ሁሉ እዚያ ጀርባ ላይ ነበር። የተጠረዘው ደግሞ ውሸት ነው።

ዶርም ደርሼ ለአልጋ ጎረቤቴ ነገርኳት። «አብደሻል? ዝም ብለሽ አቅርቢ! ማን በረት ሄዶ ያይብሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም አያይም። አማካሪዬ ጋ ስደውል ግን «ጽሑፉ ያንቺ ነው፤ ብትናገሪ ዘንድሮ ላትመረቂ ትችያለሽ። እወቂው» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እናቴንና የገዛችውን በግ ሳስብ ከረምኩ።

በቀኑ መርማሪዎቹ ፊት ገብቼ ቆምኩ። «አራተኛው ሠንጠረዥ ስህተት ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ገበሬዎቹ አልዋሹኝም። አጠያየቄ ነው ያበላሸው።» ከዚያ ከወረቀቱ ጀርባ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ስለ ሥራዬ የማውቀውን የማወራ ሰው ነበርኩ፣ ከዚያ በፊት እንዲያ ሆኜ አላውቅም። ዋናው መርማሪ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝና አስወጡኝ። መልሰው ሲያስገቡኝ «ይህ ጥሩ ጥናት ይወጣዋል። ግን ገና አልተሠራም። መረጃውን እንደገና ሰብስቢ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነይ» አሉኝ።

አላለቀስኩም። ምን ያዋሸኛል፣ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«ምን አጥፍተሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ጎረቤቱን ጠርቻለሁ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ እማ። ግብዣው ቀርቷል በያቸው።»

«አልልም። ይመጣሉ፣ ይበላሉ። ለምን እንዳልተመረቅሽ ራስሽ ቆመሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ጓደኞቼ ገዋን በለበሱበት እሑድ፣ ያንን የተሰፋልኝን ቀሚስ ለብሼ ጎባ ቤታችን ሳሎን መሃል ቆምኩ። መርማሪዎቹ ፊት ያልፈራሁት እዚያ ፈራሁ። ቢሆንም አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ሠንጠረዡንም፣ በረቱንም፣ የሚቀጥለውን ዓመትም። ስጨርስ ሰው ሳህኑን ያያል፤ እንኳን ደስ አለሽ ይባል ወይስ አይዞሽ የሚያውቅ የለም።

እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና እልል አለች። ማንም አልተከተላትም። ብቻዋን እስከ መጨረሻው እልል ብላ ጨረሰችው።