የሃሎዊን ተዝካር

ሻማ ዱባን ከውስጥ ሲለበልበው የሚወጣ ሽታ አለ፤ ጥሬ ነው እንዳይባል ይጣፍጣል፣ በስሏል እንዳይባል አርሯል። ዘንድሮ በጥቅምት ሃያ አንድ የእናቴን የኪራይ ፍላት ለካውንስል፣ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለማስረከብ ለንደን ኬኒንግተን ሄጄ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበትን ሦስተኛ ፎቅ በካርቶን ስጠቀልል ውዬ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያ ሽታ በኩሽናው መስኮት ሰተት ብሎ ገባ። ጎረቤት በሩ ላይ ያስቀመጠው ጥርሰ ወላቃ ዱባ ክዳኑ እያረረ ነበር። ሌላ ሰው ምግብ ሲሸተው ይርበው ይሆናል፤ እኔ ያረረ ዱባ ሲሸተኝ መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ሆዴ ይባባል። የማፍረው በዘጠኝ ዓመቴ ስለዋሸሁት ውሸት ነው። ሆዴ የሚባባው ደግሞ በዚያ ውሸት ሰበብ ስለተጋገረው ዳቦ ነው።

እናቴ በዱባ ቀልድ አታውቅም ነበር። እዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ የጽጌን ጾም ይዛ፣ ዱባ ፍለጋ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ድረስ የምትሄድ ሴት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በየሰው ደጃፍ ላይ ዓይንና አፍ የወጣለት ዱባ ተቀምጦ አየች። በማግስቱ ባለቤቶቹ ቆሻሻ መጣያው ጎን ሲጥሉት የገበያ ጋሪዋን እየጎተተች ወርዳ ያልሻገተውን መርጣ ሰበሰበች። የሚበላ ነገር ላይ ፊት ሠርተው ይጥሉታል፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለች፣ ግንባሩን ለብቻ ጉንጩን ለብቻ ከትፋ ወጥ ሠራችው። ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩ ጭራቅ ሁሉ እኛ ቤት ተበላ። ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ቆርጦኝ።

በዓሉን ግን አትወደውም። ፈረንጅ ሃሎዊን የሚለው ቀን፣ አንዳንድ ዓመት በሃያ ካልሆነ በቀር፣ በእኛ ቁጥር ጥቅምት ሃያ አንድ ላይ ይውላል፤ እናቴ ይህን ከግድግዳው ካላንደር ላይ ያየች ዕለት ነገሩ ባሰ። በማርያም ቀን የሰው ልጅ ቀንድ ሰክቶ ይዞራል ወይ ነው ነገሩ። ልጆች በየበሩ እያንኳኩ የሚጠይቁትን ከረሜላም አታምነውም፤ ያ ሲጎትቱት የሚለጠጠው ዓይነት ከአሳማ የሚወጣ ነገር አለበት ሲባል ሰምታ፣ መነጽሯን አድርጋ ፓኬቱን ቼክ ሳታደርግ አትገዛም ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ መጋረጃው ይዘጋል፣ የሳሎኑ መብራት ይጠፋል፣ በሩ ሲንኳኳ እኔና እሷ ቤት ውስጥ እንደሌለ ሰው ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን። አባቴ የሆቴል የማታ ሥራ ስለነበረው ከዚህ ሁሉ አምልጧል። ልጆቹ በበሩ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ሲያጮልቁ ዓይናቸውን አይ ነበር፤ አንደኛው ዓይን የክፍሌ ልጅ የዴንዚል እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ እሱም የኔን ያውቃል። በማግስቱ ሁለታችንም ምንም እንዳልሆነ እንሆናለን።

እኔን የበላኝ ከረሜላው ብቻ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ለምን ማለት ሱስ ነበረብኝ። ለምን በር ይንኳኳል? ለምን በጭንብል? ከቀን ሁሉ ለምን በዚህ ቀን? እናቴ የሰይጣን ሥራ ለምን የለውም አለችኝ። አስተማሪያችን ለጨዋታ ነው አለችኝ፤ ይሄ ደግሞ ከእናቴ መልስ የባሰ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ትንሽ ይሻል ነበር። መከር ገብቶ ብርዱ ሲጀምር የድሮ ሰዎች እሳት ያነዱ ነበር፣ በዚያች ዕለት በሕያውና በሙት መካከል ያለው ግድግዳ ይሳሳል ብለው ያምኑ ነበር፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንንና የሙታንን መታሰቢያ እዚያው ጎን ለጎን አደረገችው ይላል። ስለ በሩ መንኳኳት ግን አንድ መስመር የለውም።

የጎደለውን የሞላችልኝ ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ኖራ የምትባል የአየርላንድ አሮጊት ናት። እናቴ እትዬ ኖራ ትላታለች፤ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውምና እኔ ስተረጉም ቢያንስ ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ ታዘኝ ነበር። ኖራ እንደነገረችኝ በእነሱ ገጠር በዚያ ቀን በር አይቀረቀርም፣ የሞተ ዘመድ መጥቶ ቢሞቅ ተብሎ እሳቱ ዳር ባዶ ወንበር ይቀመጥለታል። ጭንብሉም ለዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ የሚዞር ሙት ቢያገኝሽ ከራሱ ወገን መስለሽው እንዲያልፍሽ። ፋኖሱም በእነሱ ዘመን ዱባ አልነበረም፣ ዱባ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እነሱ አንድ ድንጋይ የመሰለ የሥር አትክልት በማንኪያ ሲፍቁ መዳፋቸው ይላጥ ነበር። በሩን ስለ ማንኳኳቱ ስጠይቃት ደግሞ፣ እዚህ እንግሊዝም ድሮ ድሃውና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ትንሽ ክብ ዳቦ ይቀበሉ እንደነበር፣ በተቀበሉት ዳቦ ልክም ለዚያ ቤት ሙታን ይጸልዩ እንደነበር ነገረችኝ። ይሄማ ተዝካር ነው።

ተዝካር ለእኛ ቤት ተራ ቃል አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀርቷል፤ መርዶው በደብዳቤ መጣ። አገር ቤት ያለችው አያቴ ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አላለቅስለትም ብላ ድንኳን ሳታስጥል፣ ተዝካሩም ሳይወጣ ቀረ። እናቴ ግን አምናለች። አምና ምን ታድርግ? ያኔ የእኛ ሰው ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከፈረንጅ በተዋሰው ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ድግስ ማብላት አይታሰብም፤ ፍላታችን ውስጥ ደግሞ ስድስት ሰው ከገባ ሰባተኛው ኮሪደር ላይ ነው። ማንን ጠርታ ታብላ፤ ማንስ ነፍስ ይማር ይበልለት? ሳህን ስታጥብ፣ ወንድሜ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ቀረ ስትል እሰማት ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ነፍስ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ያሰብኩት ከዴንዚል ጋር ስለ መውጣት ነው። ኖራ አንድ ቀን የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ልትመልስ ስትወጣ ምስክር ያገኘ ጠበቃ ሆንኩና ሻይ አስቀርቤ፣ ያንን ለኔ ያወራሽውን ለእናቴም ንገሪያት አልኳት። ኖራ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ። ዳቦውን ተረጎምኩ፣ ጸሎቱን ተረጎምኩ፣ የተከፈተውን በርና ባዶውን ወንበር ሳይቀር ተረጎምኩ። መጨረሻ ላይ ኖራ እጇን አወናጭፋ፣ አሁን ግን ይሄ ሁሉ ቀርቷል፣ ዛሬ ልጆቹ የሚሉትን እንኳ አያውቁም፣ ከረሜላ ብቻ ሆኗል አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አልተረጎምኳትም። እናቴ ምን አለች ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሻዩ ይጣፍጣል አለች አልኩ።

እናቴ ለኖራ ሻይ ደግማ ቀዳችላት። ከዚያ እርስዎን ማርያም ልካልኛለች በያት አለችኝና ሁለት ነገር አስጠየቀችኝ፤ ልጆቹ የሚጸልዩት ለማንኛውም ነፍስ ነው ወይ፣ ደግሞስ ስንት ይሆናሉ። ሁለተኛውን ራሴ መለስኩ፤ ሰባት አልኩ።

ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ ሊጥ ሊጥ ሸተተ። ጾም ነውና ወተት እንቁላል የለም፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ ብቻ። በዚያች ክዳኗ በጨርቅ ካልታሰረ በማትዘጋው ኦቨን እናቴ እየተንበረከከች ትናንሽ ሙልሙል ስታወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ሳወጣለት ዓመታት ፈጀብኝ። እፎይታ ነበር። መጋረጃው ተከፈተ፣ መብራቱ በራ፤ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። እኔንም ውጪ አለችኝ። ጭንብል ግን በማርያም ቀን አይሆንም ብላ፣ መንፈስ ለመምሰል የጠየቅኳትን አንሶላም ከፈን ይመስላል ብላ ከልክላ፣ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላዋን አከናነበችኝ። ለንደን ከተማ ውስጥ ጥለት ያለው መንፈስ የታየው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ደረጃው ላይ ስደርስ ዴንዚልና አምስት ልጆች ይጠብቁኛል፤ ዴንዚል ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ላይ በነጭ ፕላስተር አጥንት ለጥፎ አጽም ሆኗል። ከአፋቸው የሚወጣውን ስሰማ ነው ጉዴ የገባኝ። በየበሩ የሚሉት ያው ከረሜላ ወይም ተንኮል የሚለውን ቃል ነው፤ ጸሎት የሚባል ነገር የለም። እናቴ ደግሞ ጥቁሯን ለብሳ ከበሩ ጀርባ ቆማ ለወንድሟ ነፍስ ሰባት ጸሎት ትጠብቃለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የተባለው ለእኔ ነው። ልመለስና እውነቱን ልንገራት ብዬ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ተመለስኩ።

ከዚያ እዚያው ደረጃ ላይ ሰብስቤ አስቀመጥኳቸውና ነፍስ ይማር ማለትን አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ ለሞተ ሰው ደግ ነገር መመኘት ነው አልኳቸው። ማን ሞተ አለኝ ዴንዚል። አጎቴ አልኩ፤ ጦርነት ላይ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ደጋግመን አልነው፣ ድምፃችን ደረጃውን ሞላው፤ ጠንቋይ መስላ የመጣችው ትንሿ ልጅ ቃሉን መያዝ አቅቷት ልታለቅስ ስትል አጽሙ እጇን ይዞ ፊደል በፊደል ያስጠናት ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ትሪ ይዛለች። ሰባታችን ባንድ ላይ ነፍስ ይማር አልን፤ ቃሉ ትንሽ ተንሻፏል፣ ግን ነፍስ ይማር ነው። እናቴ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በቆመችበት ወገቧን ይዛ አለቀሰች። ልጆቹ ደንግጠው ጭንብላቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ዴንዚል፣ በዚያ በላስቲክ አጥንቱ፣ ጠጋ ብሎ ክንዷን መታ መታ አደረጋትና በእንግሊዝኛ ለማን እንበል አላት። እኔ ተረጎምኩ፤ ይህችን በትክክል ነው የተረጎምኩት። ለወልደ ማርያም አለች በክርስትና ስሙ። አሜን፣ ያኑራችሁ እያለች ዳቦውን በየእጃቸው አደለች፤ ትኩስ ስለነበር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያቀያየሩ እዚያው በሉት።

በዚህ ዓይነት ያ በር ልማድ ሆነ። በየዓመቱ የሰፈሩ ልጆች እኛ ቤት ሲደርሱ ቃሉ እንደሚለወጥ ያውቃሉ፤ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ ለማን ብለው ይጠይቃሉ፣ ዳቦ ይቀበላሉ። ኖራ ስታርፍ ለኖራ ተባለ። አንድ ዓመት ዴንዚል ራሱ ለአያቴም በሉልኝ ብሎ መጣ። ሰፈር ለውጦ ብሪክስተን ከገባ በኋላ እንኳ ልጆቹን፣ በኋላም የልጅ ልጁን ይዞ ይመጣ ነበር፤ የሃሎዊን ሥርዓት በሙሉ እንዲህ የሚመስላቸው ልጆች ሳይኖሩ አይቀሩም። እኔ ግን ዳቦውን በበላሁ ቁጥር ያ ያልተረጎምኩት የኖራ ቃል ትዝ ይለኝ ነበር።

አምና እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ተናዘዝኩላት፤ ኖራ ያለችውን ቆርጬ እንዳስቀረሁ፣ ልጆቹን ያስተማርኳቸውም እኔ እንደሆንኩ። ዓይኗን ሳትከፍት ፈገግ አለች። የኩሽናው መስኮት የሚከፈተው በየት በኩል ነው አለችኝ። በደረጃው በኩል ነው አልኳት። ዳቦው እንዳይቀዘቅዝ እየፈራሁ ስታስተምሪያቸው ስሰማ ቆየሁ እኮ አለች። ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም ስላት፣ እቴ፣ ለወንድሜ በሰው አገር ሰባት ሕፃን ነፍስ ይማር ማለት ሲያጠና እየሰማሁ ምን ብዬ ልቆጣ አለችኝ። ከዚያ ወሬውን ለውጣ ኦቨኗን አደራ አለችኝ።

በሰኔ አረፈች። ተዝካሯን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በታዘዘ ምግብ፣ በወጉ አወጣሁ፤ ዴንዚል ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ካውንስሉ ከነገ ወዲያ ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ኦቨኗ ትውጣልኝ ስላለ፣ ሁለት ሰዎች ዛሬ ጠዋት ተሸክመው አውርደዋታል። እንዲህ እያሰብኩ፣ ያ ያረረ ዱባ እየሸተተኝ፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ዴንዚል ጢሙ ሸብቶ ከኋላ ቆሟል፤ ከፊቱ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጁ፣ በጥቁር ላስቲክ ላይ ነጭ ፕላስተር የተለጠፈባት አጽም። ነፍስ ይማር አለች፣ ጥርት አድርጋ። ቀጥላም እንደ ልማዱ፣ ዘንድሮ ለማን ነው አለችኝ።

ለወለተ ጊዮርጊስ አልኳት። የእናቴ የክርስትና ስም ነው፤ ለብቻዬ ሆኜ እንኳ ጮክ ብዬ አልጠራሁትም ነበር። ልጅቱ ስሙን ቀስ ብላ ደገመችውና ሁለት እጇን ዘረጋች። አሜን፣ ያኑርሽ አልኳት። ዳቦ ግን አልነበረኝም፤ አጋገሩንም አልተማርኩም።