ከደረት የማታልፈው ታንክ

ማለዳ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ የደሴ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ እኔና አባቴ። የምንሄደው አንዲት ታንክ ለማየት ነው።

አያቴ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ሲመለሱ፣ «ቁመቷ ከደረቴ የማታልፍ የብረት መኪና ስትተኩስብን አየሁ» ብለው አወሩ። ሰው ሳቀ። ቀባጣሪ እንደተባሉ አለፉ፤ አባቴም እስኪሸብቱ «የቀባጣሪው ልጅ» ተባሉ። በቅርቡ ደሴ የሚሠራ ጓደኛዬ ሙዚየም ውስጥ ያነሳውን የአንዲት ትንሽ ታንክ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ለአባቴ ሳሳያቸው ስልኩን አስጠጉት፣ አራቁት።

«በፎቶ አይሆንም» አሉ። «አጠገቧ ቆሜ ልያት።»

መንገድ

አቀስታ እስክንደርስ አባቴን መኪናው አጥወለወላቸው። ሹፌሩ ከድር አቁሞ ጋቢና አስቀመጣቸው።

«አብሽሩ አባባ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ዕድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ።»

አቀስታ ትኩስ የገብስ ቂጣ በሻይ በላን፤ ነፍሳቸው መለስ አለች። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ደሴ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው።

ሙዚየም

አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት። «ጣሊያን ያመጣት ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። እንዲህ ያለች አሁን እንደ ልብ አትገኝም» አለችን። ታንኪቱ በገመድ ታጥራ፣ ቀለሟ ተልጦ፣ እንደተኛች ላም ዝቅ ብላ ቆማለች።

«ልጄ፣ አልነካትም» አሏት አባቴ። «አጠገቧ ልቁም ብቻ።»

አየቻቸውና ገመዱን ራሷ ፈታችላቸው። ተጠግተው ቀጥ ብለው ቆሙ። የታንኪቱ አናት ደረታቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔም እኮ አላመንኳቸውም ነበር» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ነገሩን ለልጅቷ ነገርኳት። «አባትዎ ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይመር።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ከእንግዲህ ሰው ሳስጎበኝ የእሳቸውንም ነገር እናገራለሁ።»

አባቴ ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙ። እሷ ደግሞ ደንግጣ ጉልበታቸውን ሳመች።

ቤት

በማግስቱ መካነ ሰላም ስንገባ መሽቶ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ቤት እንሂድ ብላቸው እንቢ አሉ። አያቴ ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው መቃብሩ አጠገብ ተቀመጡና የመንገዱን ብርድ፣ የከድርን ደግነት፣ የልጅቷን ነገር አንድ በአንድ ያወሩላቸው ጀመር። እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅኳቸው። ሰውን ለማመን ከሞተም በኋላ እንደማይረፍድ ያየሁት ያን ምሽት ነው። አባቴ በእግራቸው መሄድ ሳያቅታቸው ይህን ላሳየኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።