ለአጎቴ ያላነበብኩላቸው ምስጋና

አጎቴ እዚሁ ለንደን፣ ባተርሲ ከሚባለው ሰፈራቸው ሲደውሉ፣ እኔን «ደህና ነሽ?» ከማለታቸው በፊት «ወርዋሪያችን እንዴት ዋለ?» ይሉ ነበር። ወርዋሪው ለንደን የተወለደው ልጄ ነው። አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረው እሱ ነው። አጎቴ ጨዋታውን በስልክ እያዩ ሕጉን ከእኔ በላይ አውቀውት ነበር። መቺው ሦስቴ ስቶ ሲወጣ፣ እንግዳ በር ድረስ እንደሚሸኝ ሰው «ሸኘው!» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓቢይ ጾም ልጄ በሊጉ የሳምንቱ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። ኮሌጁ የጻፈለትን ምስጋና በኢሜይል ላከልኝ። አጎቴ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለሚከብዳቸው «መጥተሽ በአማርኛ አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ በጾም የጨዋታ ወሬ ምን ያደርግልናል? ፋሲካ ይድረስና አነብልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ምስጋናውም የፍስክ ሆነ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ዳግመኛ ግን አልጠየቁኝም።

ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። አሁን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የእኔን ደህንነት ነው።

ልጄ መርዶውን ሲሰማ እያለቀሰ «ማሚ፣ ያንን ነገር አነበብሽላቸው? ደስ አላቸው?» አለኝ።

«በጣም እንጂ! መርቀውሃል» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ያንን ምርቃት እያሰበ ያማትባል። ውሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለልጄ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ጋሼ፣ ያልመረቁትን ምርቃት በአፍዎ አድርጌያለሁና ይቅር ይበሉኝ።