ሳይቆረጥ የወጣ ወረቀት

አጎቴን ሰፈሩ «ሚሊ» ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲቆርጥ አንዲት ሚሊ ሜትር ስቶ አያውቅም ተብሎ ነው። ወላጆቻችን ከሞቱ በኋላ እኔንና ወንድሜን ያሳደገን እሱ ነው። ሳያገባ የቀረውም «በእናንተ ጣጣ» እንደሆነ እየነገረ ያሾፍብን ነበር። ማተሚያ ቤት ያስቀጠረኝም እሱ ነው፤ ከመቁረጫ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ እጠርዛለሁ።

የማተሚያ ቤት ሰው ወረቀት ማባከን አይወድም። ሁለት ሥራ ባንዴ ከመጣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይታተምና መጨረሻ ላይ ይቆረጣል። የሠርግ ጥሪና የሐዘን ማስታወቂያ አብረው የሚታተሙበት ጊዜ አለ፤ ባለጉዳዮቹ ባያውቁት ይሻላል። ስለዚህ ሳይቆረጥ ከበር የሚወጣ ወረቀት የለም።

ከተማው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ተከፍሎ መጋደል ሲጀምር፣ አለቃችን ከሁለቱም ወገን የበራሪ ወረቀት ሥራ ይቀበል ጀመር። እሱ ለገንዘብ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። በዚያ ወር ከድልድዩ ሥር ሬሳ የማይነሳበት ቀን አልነበረም። ጎረቤታችንን ዳቦ ጋጋሪውን ከነሽርጡ በራፉ ላይ በብረት ቀጥቅጠው ገደሉት፤ ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ያን ሰሞን የኛን ወገን ታጣቂዎች ምልክት፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ክንዱ ላይ አስሮ ይወጣ ጀመር። ሥራውን፣ የመኪና ኤሌክትሪሻንነቱን፣ እርግፍ አድርጎ ትቶታል።

እሁድ ምሳ ላይ ክርክሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ አክራሪ ያለው ወዲያ ማዶ ነው» አለ ወንድሜ። «ዘራችን ንጹሕ ነው፣ ሌላው ይጥፋ የሚሉት እነሱ ናቸው። የኛዎቹ አገር ወዳድ ናቸው።»

«አገር ወዳዶቹ ናቸዋ ዳቦ ጋጋሪውን የገደሉት» አለ አጎቴ።

«እሱ ሰላይ ነበር።»

«ምኑን ነው የሚሰልለው? እርሾውን?» አልኩ እኔ።

ወንድሜ ሳህኑን ገፋ። «ሁለቱም ያው ናቸው ማለት ለገዳይ ጥብቅና መቆም ነው! ትምህርት ቤቱን በመድፍ የመታው ማነው?»

«እነሱ ናቸው፤ መቼ ካድኩ? የእነሱ ክፋት ግን ያንተን አለቆች ጻድቅ አያደርጋቸውም።»

አጎቴ ይህን ብሎ ተነሳና ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሳይቆረጥ ነው ያመጣው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በግራ በኩል የኛ ወገን ጽሑፍ፣ በቀኝ በኩል የማዶዎቹ። በሁለቱም ላይ ያችው አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ተዘርራለች፣ አንገቷ ተቆርጧል። በሁለቱም ሥር «የታረደችው እናታችን» ይላል። ዝቅ ብሎ «እነዚህ ሰዎች አይደሉም፣ አይጦች ናቸው» የሚል አለ፤ እሱም በሁለቱም። የሚለየው የጠላት ስም ብቻ ነው።

ወንድሜ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ግራና ቀኙን ደጋግሞ አነበበ።

«ልውሰደው?» አለ በመጨረሻ።

«ውሰድ። ለጓደኞችህም አሳያቸው» አለ አጎቴ። ልጁ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ተመለሰልን» አለኝ። እኔም ተደስቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ስድስት ሰዎች ማተሚያ ቤቱ መጡ። ማሽኒስቱ በር ላይ ሊያስቆማቸው ሲል አፉን በብረት አሉት፤ ጥርሱ ከነደሙ እኔ በጠረዝኩት መጽሐፍ ላይ ተረጨ። አለቃችን በጓሮ በር ውልቅ ብሎ ጠፋ። የስድስቱ መሪ እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። የማዶዎቹን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው፤ ግራው በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ለጠላት የምታትመው አንተ ነህ?»

አጎቴ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ከሰዎቹ ኋላ የቆመውን ወንድሜን አየው። «ግማሹስ የት አለ?» አለው።

ሁለት ሰዎች የአጎቴን ቀኝ እጅ ጠምዝዘው መቁረጫ ማሽኑ ውስጥ ከተቱት። መሪው ቁልፍ ጫነ፤ ማሽኑ አልሠራም። የሠራተኛው እጅ እንዳይቆረጥ ተብሎ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፤ በሁለት እጅ እኩል ካልተጫኑ ስለቱ አይወርድም። መሪው ያን አያውቅም። ወንድሜ ያውቃል። በዘጠኝ ዓመቱ በርጩማ ላይ አቁሞ ያስተማረው አጎቴ ነው።

«ሁለቱን ባንድ ላይ ነው» አለ ወንድሜ።

«ታዲያ አንተ አትጫነውም?» አለው መሪው።

ጮኽኩ። አንዱ ፀጉሬን ይዞ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ቀና ስል ወንድሜ ሁለት እጁን ቁልፎቹ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። መጀመሪያ ወረቀት የሚይዘው ብረት ወረደ፤ የአጥንቱን መሰበር ሰማሁ። ከዚያ ስለቱ። አራት ጣቶች፣ ቀጥ ባለ መስመር። አጎቴ ያን ጊዜም «ልጄ! ልጄ!» ነበር የሚለው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ወንድሜን በእጄ ብገድለው አይቆጨኝም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፖሊስ ቃል ሊቀበል መጣ።

«ሥራ ላይ ነው» አለ አጎቴ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ። «ስቼ፣ ራሴው ቆረጥኩት።»

ፖሊሱ የማሽኑን ነገር የት ያውቃል፤ እንዳለው ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ።

«አይደለም» አልኩ። «ወንድሜ ነው የቆረጠው። ቆሜ አይቻለሁ።»

አጎቴ ከአልጋው ተንጠራርቶ በግራ እጁ በጥፊ መታኝ። በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። «እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩት» እያለ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር።

ፖሊሱ የወንድሜን ስም ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት።