በቅጥቅጡ ውስጥ ያከበርነው ልደት

ሚስቴ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጃችን ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፤ መኪናው የሰው ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ነበር የወጣችው። ሁለቱ ሦስት ሆነ፤ ሦስቱም አምስት። ሳምንቱን መንገድ ላይ ስለምውል ልጅቷን ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ልጄን አዝላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፤ ትኩሳት ሲይዛት እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያደረገች አጠገቧ ትቀመጣለች።

ሞባይል ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን ሚስቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ መደወል ጀመረች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ትናንት የመዳሜ፣ የአሠሪዬ፣ ልጅ ልደት ነበር። የት ያከበሩት ይመስልሃል? አውቶቡስ ውስጥ። በፊኛና በመብራት አስጊጠውት፣ ሕፃናቱ እየዘፈኑ ከተማውን ዞሩ። እኔ ጭማቂ ሳድል ነበር።» ቀጥላም «የኔዋም እኮ እሸት ሲደርስ ሰባት ይሞላታል። አንተ መኪና ላይ አይደል የምትውለው? ለኔም ልጅ አድርግላት። በስልክ አብሬያችሁ እሆናለሁ» አለች።

በእኛ ዘንድ የልጅ ልደት ማክበር የተለመደ አልነበረም። ጎረቤታችን ያሉት ሼህ ሲሰሙ ገረማቸው።

«እኛ መውሊድ የምናውቀው የነቢዩን ነው። ክርስቲያኖቹም ልደት የሚሉት የጌታቸውን ነው። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«እናቷ ናት የለመነችኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። «እናቷ ካለችማ አድርጉላት። እኔም ዱዓ አደርግላታለሁ» አሉኝ።

ባለመኪናው ስምሪት በሌለኝ እሑድ መኪናውን ፈቀደልኝ። ከደሴ ስመለስ ፊኛ፣ ባለቀለም ወረቀትና ሻማ ይዤ መጣሁ። ሚስቴ የላከችው ቀሚስም ደርሶ ነበር፤ አብራት ትሠራ የነበረች የአጅባር ከተማ ልጅ ስትመለስ ነው ያመጣችው። ነጭ ነው፤ ጫፉ ዳንቴል። እሑድ ጠዋት እህቴ ልታለብሳት ብትሞክር ትከሻዋ ላይ ያዘ። የአራት ዓመት ልጅ ልክ ነበር። እህቴ ሁለቱን ጎን ተረተረችና ከራሷ ነጭ ሻሽ ቀድዳ ጨመረችበት። በእጇ ሰፍታ ስትጨርስ ልጆቹ በር ላይ ተሰብስበው ነበር።

የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ መጥቷል፤ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። አስፋልት በሌለው ከተማ ሁለት ዙር አዞርኳቸው። ፊኛው በመስኮት እየወጣ ሲንቀጠቀጥ በቅሎ የሚጭኑ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። ልጄ ከኋላዬ ባለው ወንበር ከእህቴ ጎን ተቀምጣ «አባዬ፣ ጡሩንባ ንፋ» ትለኛለች፤ እነፋለሁ። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ወደ ከላላ በሚያወጣው መንገድ፣ ኔትወርክ በደንብ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣንና ስንዴ ማሳ አጠገብ ቆምን። እህቴ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። በተባባልነው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ያኔ የያዝኩት የቻይና ሞባይል ድምፁ ትልቅ ስለነበር ሁሉም ይስማ ብዬ ከፍ አደረግሁት።

«ልጄ» አለች ሚስቴ። «እንኳን ተወለድሽልኝ።»

ልጅቷ ስልኩን አየችው። «ማን ናት?» አለችኝ።

«እናትሽ ናት።»

ወደ እህቴ ዞረች። «እማ እዚህ ናት እኮ» አለች። ለማስቀየም አልነበረም፤ የተሳሳትኩ መስሏት ልታርመኝ ነው።

እህቴ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ አክስትሽ ነኝ፤ እናትሽ እዚያ ያለችው ናት። በይ አቤት በያት» አለቻት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ የእህቴ ጭን ውስጥ ፊቷን ደበቀች።

«አትቆጧት» አለች ሚስቴ በስልኩ። «ቀሚሱ ልኳ ሆነ?»

«ልኳ ነው። ሙሽራ መስላለች» አልኩ። በዚያ ውሸቴ ዛሬም አልጸጸትም።

«ልጆቹ ይዘፍኑ፤ እኔ ልስማ» አለችኝ። ልጆቹ የልደት ዘፈን ስለማያውቁ ትምህርት ቤት የተማሩትን የፊደል መዝሙር ዘመሩላት። መስመሩ እስኪቋረጥ አዳመጠች።

ስንመለስ እህቴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። ልጆቹን አውርደን እንደጨረስን «እማ በይኝ ብዬ አላስተማርኳትም፤ ራሷ ናት ያመጣችው» አለችኝ። ማን እንደወቀሳት አላውቅም። እኔ አልወቀስኳትም፤ እንደማልወቅሳትም ግን አፌን ከፍቼ አልነገርኳትም።

ሚስቴ የተመለሰችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በምነዳው ቅጥቅጥ ከደሴ አመጣኋት። ልጃችን በር ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና «እንደምን ዋሉ?» አለቻት። እህቴን አንቺ የምትል ልጅ የወለደቻትን አንቱ አለቻት። ሚስቴ እጇን ጨበጠች፤ አቅፋ ልትስማት እንኳ ፈራች።

አብረን አንድ ወር ኖርን። ከዚያ እህቴ ልብሷን ጠቀለለች። «እኔ እዚህ እያለሁ እናቷን አታውቃትም» አለችና ደጎሎ ወዳለች የአጎታችን ልጅ ዘንድ ሄደች። ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሚስቴ ልጅቷ በተኛችበት ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ «ውሃ ስጪኝ» አለቻት። ሚስቴ ሮጣ ብርጭቆውን ሞልታ አመጣችላት።

ይህንን ለእህቴ ልነግራት ደጎሎ ሄድኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ ጀሪካኑን ግን ቤት ትታው ነበር።