አባባ ደምሴ እግር ሥር ተንሸራትቼ የደረስኩበት ጠዋት

ማክሰኞ ጠዋት እስራኤል ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ከቤት ኤሊዔዘር ወደ ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ በሞተሬ እየሄድኩ ነው... ሌሊቱን የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ያብረቀርቃል።

ሞተሩን ከገዛሁ ገና አራት ወሬ ነው። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ መዞር ሰልችቶኝ ነው የገዛሁት። በአራት ወር ውስጥ ግን የሰፈሩ የሞተር ፕሮፌሰር ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

የዚያን ዕለት ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ብርቄ «ዝናብ ጥሏል፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ። እኔ ሆዬ ደረቴን ነፋሁ።

«የመጀመሪያ ዝናብ ማለት ብርቄዬ፣ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተኛውን ዘይትና አቧራ ያነሳዋል። ሳሙና በይው። ፍሬን በድንገት አይያዝም... ርቀት ይጠበቃል...»

የምሳ ዕቃዬን አቀበለችኝና «በል አንተው ስማው» ብላኝ በሩን ዘጋች።

አምስት ደቂቃም አልሄድኩ። ዜብራው ጋ ልደርስ ስል ከቆመ መኪና ጀርባ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ከእኛ ሕንፃ ማዶ የሚኖሩት አባባ ደምሴ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፣ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለንም። ከክሊኒክ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ይዘው እየተመለሱ ነው።

ለብርቄ ያስተማርኩት ሁሉ አፌ ላይ ቀርቷል እንጂ እጄ አልደረሰም። የፊቱን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩት!

የፊት ጎማው ቀጥ አለ። ከዚያ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን፣ እኔ ወደ ሌላው... ሞተሩ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገጭቶ ቆመ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። እግሬን እንዳንፈራጠጥኩ በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ፣ ተንሸራትቼ... አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ዓይኔ ፊት ያለው የአባባ ደምሴ ጫማ ብቻ ነው።

«አባባ... ተጎዱ እንዴ?»

«እኔማ ቆሜያለሁ። ይልቅ አንተ ተነስ፤ የሚያምህ አለ?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጓንቴ መዳፉ ላይ አልቋል። ቃስዳዬን፣ የራስ መከላከያውን፣ ከራሴ ሳወልቀው በጎኑ ረጅም ጭረት አለ። ያ ጭረት የት ሊያርፍ እንደነበር ሳስበው ጭንቅላቴን ዳሰስኩ።

ከኋላ የነበረ ሹፌር ወርዶ ሞተሩን አንስቶልን ሄደ። አባባ ደምሴ ጎንበስ ብለው መሪውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን አዩት።

«የፊቱን ብቻ ነው የያዝከው። ያውም በአንዴ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጎንደር ሳለሁ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። ደምቢያን ስድስት ክረምት በሞተር ተመላልሼበታለሁ... በዚያ ጭቃ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምክንያቱም ባለፈው ወር እኚሁ ሰው ሞተሬን ቆመው ሲያዩ፣ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ይሄ ፍሬን ይባላል» ብዬ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም «እንዲህ ነው እንዴ?» ብለው በትህትና ሰምተውኛል!

እጄን ያዙና ፍሬኑ ላይ አስቀመጡት።

«ሎሚ በአንዴ ታፈርጣለህ? ቀስ ብለህ ነው የምትጨምቀው፣ እየጨመርክ። የኋላውንም በእግርህ አብረህ። ዜብራ ስታይ ደግሞ ሰው ኖረም አልኖረ ቀድመህ ጋዙን ቀንስ። ለመሆኑ ዓይንህ የት ነበር?»

«እርስዎ ላይ።»

«ለዚህ ነዋ እኔ ጋ የመጣኸው! ሞተር ዓይንህ ወዳየበት ነው የሚሄድ። ከጀርባዬ ያለውን ክፍት መንገድ ብታይ በዚያ ታልፍ ነበር።»

ሲናገሩ ድምፃቸው የረጋ ነው። ከረጢቱን ሳየው ግን... ውስጡ ያሉት የክኒን ፓኮዎች ይንኮሻኮሻሉ። ለካ እሳቸውም ደንግጠዋል፤ እኔን ላለማስደንገጥ ነው አስተማሪ የሆኑት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልገድልዎት ነበር» አልኩ።

«እኔም ከመኪና ጀርባ ሳላይ ነው የወጣሁት። ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን፤ ይበቃል።»

እንግዲህ በምን ልካሳቸው? የመጣልኝን ተናገርኩ። «ታዲያ ልሸኝዎት? ከኋላ ይቀመጡ።»

ሞተሩን አዩት። እኔን አዩኝ። የተቀደደ ሱሪዬን አዩት።

«የለም ልጄ፣ የእኔ እግር ፍሬኑ ደህና ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔም ባቡሩን ትቼ፣ ሞተሩን በእጄ እየገፋሁ ከኋላቸው ወደ ሰፈር አዘገምኩ... ሞተር ከገዛሁ ወዲህ በትክክል የነዳሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።