ለአውሮፕላን ማይል የታረሰ ሣር

ጓደኞቼ የአየር መንገድ ማይል አጠራቅመው ካናዳ በነፃ ደርሰው እንደመጡ ሲያወሩ እሰማለሁ። የማይልን ነገር ከሁላቸውም ቀድሞ የተረዳው አባቴ ነው። እሱን ደግሞ እንኳን አውሮፕላን፣ ከዳንግላ እንጅባራ የሚሄደው አውቶቡስም ያስመልሰው ነበር።

የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። እኔ እንጅባራ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ ወላጆቼ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ያርሳሉ። ታናሽ እህቴን ልቧን አሟት ውጭ አገር አንድ ሆስፒታል በነፃ ሊያክማት ፈቀደ። ቲኬቱ ግን በሬዎቻችን ሁሉ ቢሸጡም የሚቀመስ አልነበረም። ዳንግላ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፈረንጅ ይህን ሰማ። በሥራው ከአገር አገር ሲበር የኖረ ሰው ነው፤ አየር መንገዱ የበረረውን ማይል ያጠራቅምለትና ሲበዛ በምትኩ ቲኬት ይሰጠዋል። ያንን ለእሷ ላድርገው አለ። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም ደርሳ ትመለሳለች።

ለአባቴ ብነግረው ተቆጣ። ምጽዋት አልቀበልም አለ። ሰውየው በበረረ ቁጥር የተጠራቀመለት መሆኑን ደጋግሜ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ወንፈል ነው በለኛ» አለኝ። እኔ ያንተን ማሳ ባርስ አንተም በተራህ የእኔን ታርሳለህ፤ ፈረንጁም አየር መንገዱ ዘንድ ያልተመለሰለት የወንፈል ቀን አለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባነበብኳቸው የኢኮኖሚ መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ችግሩ፣ ወንፈል ከሆነ እኛም መመለስ አለብን ማለቱ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቶቹን ከነበሬዎቻቸው ይዞ ዳንግላ ገባ፤ ፈረንጁ ሥራ ላይ ሳለ ግቢውን አረሱለት። ዘበኛው የሰፈራችን ሰው ስለነበር በሩን ከፍቶ አብሮ ጓል ከሰከሰ። የታረሰው ግን ፈረንጁ በየማለዳው ውኃ የሚያጠጣው ሣር ነበር። ሰውየው ሲመለስ ትልሙን ተከትሎ ዳር እስከ ዳር ሄደ። ከዚያ ምን እንደሚዘራበት ጠየቀኝ። አባቴ ዳጉሳ አለ።

የቀረው የመውጫ ፈቃድ ነው። ለዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማኅተም ያስፈልጋል። ሊቀ መንበሩ አባላቱ በተሰበሰቡበት አቆመን። ከኢምፔሪያሊስት በነፃ የሚገኝ ነገር እንደሌለ፣ ምን ብንነግረው ይህን እንደሰጠን ጠየቀ። እኔ ከፖለቲካ ትምህርት የቃረምኩትን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አባቴ በክርኑ ገፋ አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

«በነፃ ማን አለህ፣ አንተ ልጅ? አርሰንለታል። ሂድና ግቢውን እየው።»

«በአንድ ቀን እርሻ ቲኬት? ስጦታ ነው እንጂ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ስጦታ ነው? እንግዲያው አምና አንድ ቀን፣ ዘንድሮ አንድ ቀን ያንተን ማሳ ያረስነውስ? ወንፈል ነው ብለኸን ነበር። እስካሁን በሬህን አላየነውም።»

ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ አሳለው፣ ከዚያም ሌላው። ሊቀ መንበሩ ስጦታ ነው ቢል የሰውን ጉልበት በነፃ በላ ሊባል ነው፤ ወንፈል ነው ቢል የእህቴ ቲኬት ንጹህ ነው። ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታው።

እህቴ ታክማ የተመለሰች ቀን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ሊቀ መንበሩም መጣ። አባቴ ተነሥቶ አስቀመጠው፤ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘ ግን ሳይቀዳለት ቆመ።

«ማኅተሙን ለአንዱ ቀን ቆጥሬልሃለሁ» አለው። «አንድ ይቀርሃል።»